«አባ ማን?» የአንድ ፈረሰኛ ሥዕል ዋጋ

ታሪክ የተማረ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወዳጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ይቀየራል። ድሮ ስድስት ኪሎ ሳለን «ነገ ፈተናው ላይ ምን ይመጣል?» ነበር የምትሉኝ። አሁን «ይሄ ነገር ስንት ያወጣል?» ሆኗል። አንዱ የአያቱን ጎራዴ፣ ሌላው የብራና ዳዊት፣ ሌላው አንድ ሙዳይ የማርያ ቴሬዛ ብር በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። እኔ የጨረታ ቤት ሰው አይደለሁም። አሮጌ ዕቃ ሲቀርብ ምን ምን እንደሚጠየቅ ግን አውቃለሁ፤ ያ ሁሉ ዓመት የተማርነውም እሱን ነው። ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን ጻፍ ስባል ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱን መረጥኩ፦ የፈረሰኛ ልብስ የለበሰ ሰው በዘይት ቀለም የተሣለበት አሮጌ ሥዕል ነው። የመረጥኩትም ከመካከላችን ብዙዎቹ ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ስለሚኖሩና ተመሳሳይ ዕቃ በየቤታቸው ሊኖር ስለሚችል ነው።

ሥዕሉ የአንዲት የባቻችን ልጅ እናት ቤት፣ ሱሉልታ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የኖረ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ይሞላል። ሠላሳዎቹን የጀመረ የሚመስል ጎልማሳ ቆሟል። ካኪ ኮት፣ ተነፋነፍ ሱሪ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ገምባሌ፣ እግሩ ላይ ጫማ፣ በቀኝ እጁ አለንጋ። በግራ ትከሻው በኩል የአንድ ዳማ ፈረስ አንገትና ጭንቅላት፣ ከኮርቻውም ጥቂት ይታያል። ፈረሱ ቦቃ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ሠዓሊው አልፈረመም። የሰውየውም ስም አልተጻፈም።

ቤተሰቡ ግን ስም አለው። «የእናቴ ቅድመ አያት ናቸው፤ አድዋ የዘመቱት» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ እየተባለ ነው ያደገችው። አሁን ቤቱ ሊነሣ ነው፤ እናትየው ታመዋል፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጥቶ አይቶ ዋጋ ጠርቷል። «የአድዋ ዘማች መሆናቸውን የታሪክ ሰው ከጻፈልኝ እጥፍ አደርገዋለሁ» ብሎ ሄዷል። እንግዲህ የታሪክ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሥዕል የሚገምት ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። መቼና በማን ተሣለ? የተሣለው ማን ነው? ከተሣለበት ቀን እስከ ዛሬ በማን እጅ፣ በምን መንገድ አለፈ? ገንዘቡ የሚሰላው ከእነዚህ በኋላ ነው። የሥዕሉ ማማር፣ የቀለሙ ደህንነት፣ የፍሬሙ ዓይነት ሁሉ ይቆጠራል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ግን ሥዕሉ ያማረ የቤት ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የዘይት ቀለም ለአገራችን ሥዕል እንግዳ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን በእንጨት ገበታ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ ላይ ይሥሉ የነበረው በሌላ ዓይነት ቀለም ነው። ዘይቱ በተለይ የተስፋፋው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ፣ ከውጭ በመጡ ሠዓሊዎችና ውጭ ሄደው በተማሩ የእኛው ሰዎች በኩል ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚለው መጽሐፉ የምናውቀው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ ሥዕል ተምሯል። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምሮ ተመልሷል። አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምሮ መጥቶ በ1950 ዓ.ም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስሙ ይጠራል፣ የዩኒቨርሲቲያችንም አካል ነው። እንግዲህ አንድ አሮጌ የዘይት ሥዕል ኢትዮጵያዊ ባላባት ሲያሳይ ገማች መጀመሪያ የሚያስበው ዘመን ካለፈው መቶ ሃምሳ ዓመት ብዙም አያልፍም።

ቀለሙ ራሱም ይመሰክራል። የዘይት ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ ታሽጎ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ዛሬ ሁሉም ሠዓሊ የሚጠቀምበት የቲታኒየም ነጭ ደግሞ ገበያ ላይ የዋለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ነው። በላቦራቶሪ ሲመረመር ከመጀመሪያው የቀለም ንብርብር ውስጥ ቲታኒየም ከተገኘ፣ ሥዕሉ በአድዋ ዘመን ተሣለ ማለት አይቻልም። የኋላ ሰው ያደሰው ቦታ ላይ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ መጻፍ አለበት።

ላቦራቶሪ ሳንደርስ ግን ልብሱ ይናገራል። የአድዋ ዘመን መኳንንት ለጦርነት ሲወጡ በነጭ ልብስ ላይ ካባ ወይም ለምድ ይደርባሉ፤ ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ያስራሉ፤ ጋሻው በግራ ነው፤ ጎራዴው ደግሞ በቀኝ ጎን ይታጠቃል። አውሮፓዊ ሰይፉን በግራ ስለሚታጠቅ፣ ከሩቅ ሆኖ የኢትዮጵያን ጦረኛ የሣለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እግራቸው ባዶ ነው። እርካቡም ትንሽ ቀለበት ነበር፤ ፈረሰኛው የሚያስገባበት አውራ ጣቱን ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው፤ ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል፣ የሚወጡበትም ለውጊያና ለክብር ሰልፍ ነው። የእኛ ሥዕል ሰው ግን ካኪ፣ ገምባሌና ጫማ አድርጓል። ገምባሌ የሚለው ቃል እንኳ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ይህ አለባበስ የራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመንና የንግሥናው መጀመሪያ ነው። በ1922 ዓ.ም የመጡት የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ሲጀምሩ የወታደር ልብስ የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ነበር፤ ወታደር ያልሆነውም ባላባት ፎቶ ሲነሣ እንደዚያ መልበስ ይወድ ነበር።

የሥዕሉን ፎቶ ይዤ ቡራዩ፣ አንድ ኮርቻ የሚሠሩ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ዛሬ ሥራቸው በአብዛኛው ለጋሪ ፈረስ ጠፍር መጠገን ነው፤ ሙያውን ግን ከአባታቸው ነው የወረሱት። «ጋሼ፣ ይሄ የአገር ቤት ኮርቻ ነው?» አልኳቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙና «የት ነው ፊቱ የቆመው?» አሉኝ። የአገራችን ኮርቻ እንጨቱ ከፊትም ከኋላም ብድግ ያለ ነው፤ ፈረሰኛው መሐሉ ይገባል። ሥዕሉ ላይ ያለው ዝርግ የፈረንጅ ኮርቻ ነው። «ልጓሙም አይደለም» አሉ። የጥንቱ ልጓም በፈረሱ የታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት አለው። ይሄኛው ቀለበት የለውም። ሻይ ሳንጠጣ ነው የጨረስነው። ልብሱ የነገረኝንና እጃቸው የሚያውቀው ነገር አንድ ላይ ሆነ።

ቀጥሎ የአሣሣሉ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው ደግሞ በጎን ይሣላል፣ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ነው። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ አድዋ ሥዕሎች ገብቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን። የሱሉልታው ሰውዬ ግን ፊቱን ገደድ አድርጎ ነው የቆመው። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል፤ ከኋላው ያለው መጋረጃ የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አርመናዊው ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ ፎቶ አንሺዎች ለቤተ መንግሥትም ለባላባትም ይሠሩ ነበር፤ ሠዓሊ ከፎቶግራፍ እየገለበጠ በዘይት ቀለም ትልቅ አድርጎ መሣልም የተለመደ ነበር። ከፎቶ መገልበጡ ዋጋውን አይቀንስም። እንዲያውም ፊቱ የእውነት ፊት መሆኑን ይነግረናል።

ሥዕሉን ገልብጠን የኋላውን አየን። ፊቱን ሁሉም ያያል፤ ታሪኩ ያለው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ሸራው በማሽን የተሸመነ ነው። ምስማሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ያ ማለት ሸራው አንድ ጊዜ ከእንጨቱ ወልቆ እንደገና ተወጥሯል። በመሐሉ ቁልቁልና አግድም የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ አለ፤ ታጥፎ ነበር። ታችኛው ጠርዝ ላይ የእርጥበት ምልክት አለ። የቤቱ ልጆች ይህን ሁሉ «እርጅና ነው» ብለው ነው የሚያልፉት። እርጅና ግን አራት እኩል ቦታ አያጥፍም። አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት ነው ያጠፈው።

ይሄን ሁሉ ይዘን «መቼ» የሚለውን ወደ መመለስ ቀረብን፤ «ማን» የሚለው ግን ይቀራል። እዚህ ላይ ነው አገራችን ሌላው ዓለም የሌለው መሣሪያ ያላት። አውሮፓ ውስጥ ስም የሌለው የፈረሰኛ ሥዕል ሲገኝ ገማቹ የቤተሰቡን ዓርማ፣ የቁልፉን ምልክት፣ የክፍለ ጦሩን ቀለም ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የሚጠየቀው «አባ ማን?» ነው።

የፈረስ ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አራተኛው ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና ዳጨ አባ ጥጉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። በኦሮምኛ አባ ማለት አባትም ባለቤትም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም በዚሁ ቃል ነው የፎከረው። የጅማው ንጉሥ ዛሬ ድረስ የሚታወቁት አባ ጅፋር ተብለው በፈረስ ስማቸው ነው። በ1943 ዓ.ም ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው ሻለቃ የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፤ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩና። ፈረሱ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስሙ ግን ውቅያኖስ ተሻገረ።

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ደግሞ ይህ ልማድ የኖረበት የሸዋ ምድር ናቸው። ከእንጦጦ ማዶ ወደ ጎጃም መንገድ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ብርዳምና ሣራም ነው፤ ዛሬ ሯጮቻችን የሚሠለጥኑበት፣ ትናንት ፈረስ የሚጋለብበት። በአዊ ዞን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የአድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ የፈረስ ነገር ዛሬም የአደባባይ ትዝታ ነው። በእኛ በኩል ትዝታው የሚገኘው በየቤቱ፣ በአሮጊቶችና በሽማግሌዎች አፍ ነው።

ስለዚህ የባቻችንን ልጅ «ከእናትሽ የሚበልጥ በሕይወት ያለ ዘመድ ማን አለ?» አልኳት። አንዲት የእናቷ አክስት ሰበታ አሉ፤ ዘጠናን አልፈዋል። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሥዕሉ ሲመከር እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለን በመኪና ወሰድነው።

«እማማ፣ ይህን ሰው ያውቋቸዋል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የሰውየውን ፊት አላዩም፤ በጣታቸው የፈረሱን ግንባር ነኩና ስሙን ጠሩ።

«ፈረሱን አወቁት፤ ሰውየውስ?»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ፈረሱን ያወቀ ሰውየውን መቼ ያጣል? አባባ ናቸው እንጂ።»

አባታቸው ናቸው። ማለትም የባቻችን ልጅ እናት ቅድመ አያት ሳይሆኑ አያት። አድዋ የዘመቱት የእሳቸው አባት ነበሩ፤ ሌላ ፈረስ፣ ሌላ የፈረስ ስም። አሮጊቷ ሁለቱንም ስሞች ከነፉከራቸው ለይተው ነገሩን። ቤተሰቡ በአድዋው ሰውዬ የፈረስ ስም ሲኮራ ኖሮ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስል ብቻ ስለነበረው፣ ስሙን በእሱ ላይ ለጠፈው። «አያቴማ በምን ተሥለው!» አሉ አሮጊቷ። «አባባ ናቸው አዲስ አበባ ሄደው ፎቶ የተነሡት። ሥዕሉ ኋላ መጣ።»

የእጥፋቱንም ነገር ጠየቅኋቸው። ጠላት ሲገባ እናታቸው ከፍሬሙ አውጥተው፣ አጥፈው፣ ጎተራ ውስጥ እህል ሥር ቀብረውት ነበር። በፍርሃት ብቻ አይደለም። ያ ዘመን ምስል የሚታሰርበት ዘመን ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት የተመረቀው በንግሥና በዓሉ ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም ነው፤ ጣሊያን በ1929 አወረደው። ከነጻነት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። የንጉሥ ሐውልት ካልተማረ የባላባት ሥዕል ምን ዋስትና አለው? እንግዲህ ሸራው ላይ ያለው መስቀለኛ ስንጥቅ ጉድለት ብቻ አይደለም። የአንዲት እናት ውሳኔ ነው። ለዘመኑም ማስረጃ ነው፦ ልብሱ ከ1910ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ይላል፤ እጥፋቱ ከ1928 በፊት ይላል። መካከሉ አሥር ዓመት አይሞላም።

የሦስቱንም ጥያቄ መልስ ጻፍኩ። ገዢው አነበበና እጥፉን ዋጋ አነሣ። ከወንድሞቿ አንዱ ተቆጣ። «ዝም ብትል ምን ነበረበት? ማንን ይጎዳል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እናትየው የታመሙት እውነት ነው፣ ገንዘቡም የሚያስፈልገው እውነት ነው። የመለስኩለት ይህን ነው፦ ሁለት ሰው ይጎዳል። ለአድዋው ዘማች የእሱ ያልሆነ ፊት እንሰጠዋለን፤ ሥዕሉ ላይ ላለው ደግሞ የራሱን ስም እንነጥቀዋለን። ሦስተኛ ተጎጂም አለ፤ ሥዕሉ አንድ ቀን ሙዚየም ቢገባ፣ አይቶት የሚጽፍ ልጅ።

ስለ ዋጋ ካነሣን አይቀር የሁላችንንም የሚነካ ምሳሌ አለ። ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል በዘይት ቀለም እንጨት ላይ የተሣለ የአውሮፓ ሥራ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተሣለ ነው ይባላል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መሐላም ይፈጸምበት ነበር። በ1736 ዓ.ም ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ፉንጆች ጋር ሲዋጉ ተማረከ፤ ከዚያ በወርቅ ተቤዥቶ ተመለሰ። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ግን አልሰጠም፣ ለራሱ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን፣ ክሪስቲስ ጨረታ ቤት ተሸጠ። ኋላም ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ለጨረታ ቤቱ ዋጋው የሠዓሊው ማንነትና የሥራው ጥራት ነበር። ለእኛ ግን ዋጋው እጃችን በነበረበት ዘመን ያለፈበት መንገድ ነው። ያንን የምናውቀው የጻፈልን ሰው ስላለ ነው። ሳይጻፍ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ አንድ ጥሩ የአውሮፓ ሥዕል ብቻ ነበር።

በራሳችን ግቢም ትምህርት አለ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1953 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ፣ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየሙን እዚያው አደራጀ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪና ባልደረቦቹ ከየገበያው ያሰባሰቧቸውን ሥዕሎች ስንቶቻችን ነን በክፍል መሐል ገብተን ያየናቸው? የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች «ይህ ከእገሌ ቤት ነው» የሚል አንዲት መስመር ከኋላው ቢጽፉ ኖሮ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀል ነበር!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በሥሩ ሆኑ። ከተማው ይሰፋል፣ መንገድ ይወጣል፣ አሮጌ ቤት ይነሣል፣ ቤተሰብ ይበተናል። ቤት ሲነሣ የቤት ዕቃ ይጫናል። ዕቃው የማን እንደነበር የሚያውቁት አክስት ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ፤ ወይም ያርፋሉ። ስለዚህ ለመገናኛ ቀናችን ይሄን ምክር ይዛችሁ ሂዱ።

አሮጌ ሥዕል ካላችሁ አታጥቡት። በእርጥብ ጨርቅ፣ በሎሚ፣ በዘይት «ላብራው» ያለ ሰው ከቆሻሻው ጋር ቀለሙንም ነው የሚያነሣው። ቡና ከሚጨስበትና ዕጣን ከሚታጠንበት ግድግዳ፣ እርጥበት ከሚመታውም ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ፊቱንም ጀርባውንም በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜም ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሡት፤ የተነካካው ቦታ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ጽሑፍ ካለ፣ ፍሬሙ የሸፈነው ጠርዝ ላይ ፈልጉ። ለመሸጥ ከተነሣችሁ ሕጉን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። «ውጭ ያለ ገዢ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈቃዱ ነው።

የሱሉልታው ሥዕል እስካሁን አልተሸጠም። የእናትየውን ሕክምና ልጆቹ አዋጥተው ይዘውታል፤ እኛም የባቹ ልጆች የቻልነውን ጨምረናል። ሥዕሉ ነገ ሊሸጥ ይችላል፤ መብታቸው ነው። ከሸራው ጀርባ፣ ከእንጨቱ ላይ ግን አንድ ወረቀት በክር ታስሯል። የሰውየው ስም፣ የአባታቸው ስም፣ የሁለቱም የፈረስ ስም፣ ሥዕሉን ያጠፉት እናት ስም፣ ይህን የነገሩን አሮጊት ስምና ቀኑ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎበታል። ስሞቹን እዚህ አላወጣኋቸውም፤ የቤተሰቡ ናቸው። የትም ቢሄድ ግን ፈረሰኛው «አባ ማን?» ሲባል የሚመልስለት ወረቀት አለው።

የእናንተንም ላኩልኝ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከመላካችሁ በፊት ግን አክስታችሁ ጋ ደውሉ።